የክብሪት ቀፎ

ያን ሰሞን ባጃጄ ሰው መጫን ተከልክሎ፣
ታቦር ግርጌ ቆመ አቧራውን አዝሎ።
ሐይቅ ዳር ሆቴሎቹ በር በሩን ሲዘጉ
አባ ኮዳዎቹ አሞራ ገደል ላይ
የዓሣ አንጀት የሚጥል ሰው ቆመው ፈለጉ።

ዕቁባችን ፈረሰ።
ዳኛዋ እትዬ አልታዬ ደብተሩን ከድና፣
«ብር ከየት ይመጣል? ፓርኩም ሰው ቀነሰ፤
መሰብሰብ እንደሆን ክልክል ሆኗልና፤
ግን ብር ባይኖር ዘር አለ፤ ዕጣችን አይቅር፤
ጣሉ ከየጓሮው፣ በክብሪት ቀፎ ስፍር።»

እንግዲህ ያኔ ነው፣ የኋላ ወንበሬ ተሳፋሪ ያየው፤
ሠላሳ አንድ ቀፎ፣ ማስክ የማያሻው፣
ጉድጓድ ላይ ስወድቅ ጸናጽል የሚመታው።
በጀርባው ተጽፏል፦
«ቆስጣ፣ የመናኸሪያው።»
«ቃሪያ፣ የመምህር ላሚሶ፤ ተጠንቀቁ፣ ኃይለኛ።»
«ቦሎቄ፣ ከቦዲቲ፣ የቡዜ እናት የላኩት፤
ከመዝራት በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይተኛ።»

ቡዜ ጓሮ የላት፤ የተከራየችው
አንድ በር፣ አንድ መስኮት። የዘይት ጀሪካን
ወገቡን ቆርጣ ነው ደጅ የደረደረችው።
በቀን ስድስት መቶ ኮሌታ ያስገባ ጣት
አራት ቅጠል ቆጥሮ ያድራል በኩራት።

እኔማ አንዴ ልጠንቀቅ ብዬ፣ አልኮል ረጭቼበት
የሰላጣው ዘር ቀረ፤ አንዱም አልበቀለ።
እትዬ አልታዬ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ሳቀች፤
«በሽታ እንኳ የለበትም፤ ንጹሕ ሆኖ ዋለ!»

አቶ ዳንጊሶ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣
ድንኳኑን አወጡ ከቆርቆሮው ግምጃ ቤት፤
ለቅሶ ተከልክሎ ተጠቅልሎ ነበር።
ካስማውን መቱለት፣ በችግኞቹ አናት።
«ለጥላ ነው» አሉ። ማንም አልመለሰ።
የስንቱ እንባ፣ የስንቱ ንፍሮ ሽታ ያለበት ሸራ
ያን ቀን የጎመን ግልገል ሥሩ ተንተራሰ።

ሐምሌ ሲጋመስ ነው። እትዬ አልታዬን
አምቡላንስ ወሰዳት፤ በባጃጅ ተከተልኩ፣
ከሆስፒታሉ በር «ተመለስ» ሲሉኝ
ሞተሩን አጥፍቼ እስኪመሽ ቆየሁ።
ጥሩንባ አልተነፋም።
ድንኳኑን ከችግኙ ማን ደፍሮ ይንቀለው?
አራት ሰው ቀበራት፣ ላስቲክ የለበሰ፤
እኛ አስፋልት ተሻግረን፣ ርቀን፣ ቆመን፣
ባዶ እጅ ለቅሶ አይደረስም ብለን
ቀፎ በኪሳችን፣ እያንዳንዳችን።

በአርባዋ ቀን ልጇ የጫማ ካርቶን ሰጠችኝ፤
«ዕቁባችሁ ነው» አለችኝ።
በየስማችን ታስሯል፤ ጎመኑ፣ ፌጦው፣
የከርሞ ዕጣ በሙሉ፤ ማንም ያልተረሳ።
በእኔ ስም ላይ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ሰላጣ አለበት። ካሳ።»
ከሁሉም በታች ግን አንድ ቀፎ፣ ስም የለው፣ ወር የለው፤
በሚንቀጠቀጥ እጅ
«አላወቅሁትም፤ ዝሩት» ነው የሚለው።

ዘራነው ድንኳኑ ሥር፣ መስከረም ሲጠባ።
ወጣ። ሐረግ ሆነ። ምሰሶውን ያዘ፣
ገመዱን ረገጠ፣ ሸራው ላይ ተጓዘ።
አቶ ዳንጊሶ «ቅል ነው»፤ ቡዜ ደግሞ «ዱባ»።
መምህር ላሚሶ መነጽር ወልውለው
«ቆዩ እስቲ» ይላሉ፤ ይኼው ወር ሆናቸው።

አሁን ሰው እጭናለሁ። ለቅሶም ተፈቅዷል።
ትናንት የእድር ጎረምሶች ድንኳን ሊነቅሉ መጡ፤
መዶሻ ይዘዋል፣ ጋሪም ይዘዋል።
አንደኛው ሐረጉን ገለጥ አደረገና
«አበባ ይዟል» አለ።
ተያዩ። ካስማውን መልሰው አጠበቁ፣
ጋሪውን ባዶውን እየገፉ ሄዱ
ከመናኸሪያው እድር ሌላ ሊጠይቁ።